ያልተጻፈ ስንጥቅ

ቅርንጫፉ የወደቀው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዝናብ አልነበረም፣ ንፋስም አልነበረም። ከተማው መሀል ባለው ጥብቅ ደን ውስጥ፣ የጎብኚዎች መንገድ ዳር የቆመው ትልቁ ዋርካ የሰው ወገብ የሚያህል ቅርንጫፉን ድንገት ለቀቀው። ያን ጊዜ ከሥሩ የሚያልፉት በየጠዋቱ ደኑ ውስጥ በእግራቸው የሚመላለሱ አንዲት ጡረተኛ የሂሳብ መምህርት ነበሩ። ወፍራሙ ጎን ለጥቂት ሳታቸው፤ ቀጭኑ ግን ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ሰበረው።

ጩኸቱን መጀመሪያ የሰማችው የደኑ ጠባቂ እታለም ናት። እታለም የመዝገብ ስሟ አይደለም። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ ሥራ ቦታ መጥቶ ሲጠራት የሰማ ባልደረባ ቃሉን ቀበል አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ከበር ጠባቂው እስከ ኃላፊው ድረስ የሁሉም ታላቅ እህት ሆና ቀረች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ሮጣ ደረሰች ማለት ይከብዳል፣ ጉልበቷ መሮጥ ከተወ ቆይቷል፤ ግን እያነከሰችም ቢሆን ከማንም ቀድማ ደረሰች። ቅርንጫፉን ብቻዋን ማንሳት አልቻለችም። ስለዚህ መሬት ላይ ተቀምጣ የመምህርቷን ራስ ጭኗ ላይ አስደገፈችና «አይዞዎት፣ መጡ፣ እየመጡ ነው» እያለች አምቡላንሱ እስኪደርስ ጠበቀች። መምህርቷ አላለቀሱም። ጥርሳቸውን ነክሰው የእታለምን እጅ እንደ ጉጠት ጨምድደው ያዙት።

ጭነዋቸው ሲሄዱ እታለም ቀና ብላ ቅርንጫፉ የተገነጠለበትን ቦታ አየች። ግማሹ እንጨት ነጭ ነው፤ ያን ቀን የተቀደደ። ግማሹ ጠቁሯል፤ ውሃ ሲገባበት የከረመ የቆየ ስንጥቅ። ዓይኗን ከዚያ መንቀል አቃታት። አዲስ ነገር ስላየች አይደለም። ስንጥቁን ታውቀዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እታለም በየሳምንቱ ዓርብ በመንገዱ ዳር ያሉትን ሃያ ሦስት አሮጌ ዛፎች ዞራ ታያለች። አይታ የክትትል ቅጹ ላይ በየቁጥራቸው «ደህና» ብላ ትጽፋለች። አደገኛ ነገር ካየች ሌላ ቅጽ አለ፤ ፎቶ ይነሳል፣ በሦስት ቅጂ ይሞላል፣ ዳገቱን ወጥቶ ቢሮ ድረስ ይሰጣል። መምህርቷ ከመመታታቸው አሥራ አንድ ቀን በፊት በዋለው ዓርብ፣ ዋርካው ሥር ቆማ ቀና ስትል፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚነሳበት ብብት ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አየች። ጥቁር ውሃ ቁልቁል አንጠባጥቦ ቅርፊቱን አቆሽሾታል። አየችው፣ ገባትም። ከዚያ ዳገቱን አየችው። «ሰኞ እሞላዋለሁ» አለችና በተለመደው ቅጽ ላይ እንደ ሌሎቹ ሁሉ «ደህና» ብላ ጻፈች።

በዚያ ሳምንት እታለም ሰው አልነበረችም። እናቷ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው ወደ ኋላ ከሄደ ሰነባብቷል። እንቅልፍ የላቸውም፤ ተነስተው ጫማቸውን ያደርጉና «ልጆቹ ከትምህርት ቤት ወጡ፣ ማን ያመጣቸዋል?» ብለው በሩን ይታገላሉ። ልጆቹ እሷና ወንድሟ ናቸው። ቀን ቀን የምትጠብቃቸው ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ሳትነግር ቀርታለች። ያ ዓርብ ጎረቤት ለምና፣ ሌሊቱን በእንቅልፍ ልብ ሮጣ፣ ጠዋት ዩኒፎርሟን አዙራ ለብሳ ሥራ የገባችበት ቀን ነበር። በር ጠባቂው «እታለም፣ ኪስሽ ጀርባሽ ላይ ዞሯል» ብሎ ሲስቅባት እሷም አብራ ሳቀች። ለመናደድም አቅም ይጠይቃል።

ሰኞ አጥሩ ተቀዶ ተገኘ፤ እሱን ስታስጠግን ዋለች። ማክሰኞ ስብሰባ ሆነ። በሚቀጥለው ዓርብ እናቷን ሐኪም ቤት ልትወስድ ፈቃድ ወጣች፤ እሷን ተክቶ የዞረ ሰው አልነበረም። ረሳችው ማለት ውሸት ይሆናል። በየቀኑ ትዝ ይላታል፤ በየቀኑ ነገ ትላለች። በሥራ ላይ በዋለችባቸው ጠዋቶችም መምህርቷ በዋርካው ሥር ሲያልፉ ታያቸዋለች፣ ሰላም ትላቸዋለች፣ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ቀን የደኑ ኃላፊ አስጠራት። ኃላፊው ገና ሠላሳ አምስት አልሞላውም። ተማሪ ሆኖ ለልምምድ የመጣ ጊዜ እያንዳንዱን ዛፍ ያሳየችው እሷ ናት፤ አለቃዋ ከሆነም በኋላ አንተና አንቺ እንደተባባሉ ቀሩ። ጠረጴዛው ላይ የእሷ የክትትል ቅጽ ተዘርግቷል።

«ተቀመጪ እታለም። የላይ ሰዎቹ እንቅልፍ ነሱኝ» አለ ግንባሩን እያሸ። «ምን ነበር፣ ምን አያችሁ፣ ማን አየው ነው። እኔ ቅጽሽን አሳየኋቸው። ምንም ምልክት አልነበረውም፤ አይደል?»

እታለም አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ እውነቷን ነው። ግን ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼውልሽ!» አለ ኃላፊው፤ ግን ደስ ያለው አይመስልም። «ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ምልክት ሳይሰጥ የሚወድቅ ከሆነማ ክትትሉ ምን ይሠራል፣ አንዱም አሮጌ ዛፍ አይታመንም አሉ። በመንገዱ ዳር ያሉት ሃያ ሦስቱም እንዲቆረጡ ወስነዋል። በአንዱ ፋንታ አሥር ችግኝ ይተከላል።»

«ሃያ ሦስቱም?»

«ሃያ ሦስቱም። ወድጄ መሰለሽ? ተከራከርኩ። ነገ ሌላ ሰው ቢመታ ትፈርማለህ ወይ አሉኝ። ምን ልበል?»

እታለም ከቢሮው ስትወጣ ደረጃው መሀል ላይ ቆመች። አንድ ቃል ጽፋ ነበር፣ ደህና የሚል። ዛፎቹን የሚያስቆርጣቸው እሱ ሆነ። መታመማቸው አይደለም፤ ደህና መባላቸው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ሰጥተው የሚቆረጡት ላይ ምልክት እንድታደርግ ላኳት። አብሯት የሄደው የቆራጮቹ ፎርማን ነው፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ አንድ ጣቱ የጎደለ ሰው። ሰዎች ጣቱን ሲጠይቁት «ለመጋዙ አበደርኩት» ይላል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ እታለም ይኼ ሰው ዛፍ የሚያውቅ መሆኑን አየች። በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን ኳ፣ ኳ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል።

አንደኛው ዛፍ ውስጡ ተበልቶ ባዶ የሆነ ጥድ ነበር። «ይኼ በቃው» አለ ፎርማኑ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግንዳቸው የተጣበቀ ሁለት ወይራዎች ናቸው። መታ መታ አደረጋቸው። «እነዚህ ምን አጠፉ? የልጅ ልጆቼን ቀብረው ይኖራሉ።»

«ቁረጥ ተብለሃል እኮ።»

«ተብያለሁ፤ እቆርጣለሁ። የልጆቼ ጉሮሮ ነው። ስጠይቅሽ ግን የማላውቅ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።»

እታለም ቀለሙን ቀባች። ብሩሹ ከብዷታል። ቀለሙ በወይራው ቅርፊት ሸካራ ላይ አልይዝ ብሎ እየፈሰሰ ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገማት። እያንዳንዱን ዛፍ በባሕርይው ታውቀዋለች። አራተኛው ከክረምት በኋላ ለሳምንት ያህል ያለቅሳል፣ ሙጫ ያፈሳል። ዘጠነኛው ላይ ጉጉት አለች። አሥራ አንደኛው ጋ ሲደርሱ ዋርካው ነው።

ከዋርካው ሥር ትንንሽ ወይራዎች በቅለዋል። ማንም አልተከላቸውም። ወፎች የወይራ ፍሬ ውጠው ዋርካው ላይ ያርፋሉ፣ የጣሉት ፍሬ በጥላው ውስጥ ይበቅላል። እታለም አንድ ክረምት ቁጭ ብላ ቆጥራቸዋለች፤ አሥራ ስምንት ናቸው። ሰባት ዓመት አልፏቸዋል፣ ቁመታቸው ግን ከጉልበቷ አይበልጥም። በጥላ ሥር እንደዚያ ነው፤ አይሞቱም፣ አይቸኩሉም። በጋ ላይ ችግኝ ጣቢያ ያደጉት፣ በመኪና መጥተው በወረፋ የተተከሉት ሁሉ ሲደርቁ እነዚህ ቅጠላቸውን ጠቅልለው ዝናብ ይጠብቃሉ። ያለ ውሃ ቦቴ የሚያድጉ የደኑ ልጆች እነዚህ ብቻ ናቸው።

ፎርማኑ እጁን ዘርግቶ አየር ላይ መስመር አሰመረ። «ሲወድቅ በዚህ በኩል ነው የምናስተኛው።»

«እነዚህስ?»

«የቶቹ?»

«ትንንሾቹ።»

ዝቅ ብሎ አያቸው። «እ… ቁጥቋጦው? ችግኝ ይመጣል ተብሏል አይደል እንዴ፣ በመኪና?» ከዚያ ቀና ብሎ ቅርንጫፉ የተገነጠለበትን ቦታ ተመለከተ። «ይኼ እኮ ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር። ጥቁሩን አየሽው? ሳይወድቅ ወር ያህል ቆይቷል። እስከዛሬ ማንም አላየውም?»

ከብሩሹ ቀለም ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል። «እንጃ» አለች እታለም።

ዋርካውን ሳትቀባው አለፈች። «የቀረውን ነገ እጨርሳለሁ፣ ወገቤ እምቢ አለኝ» አለችው። ወገቧ እምቢ ማለቱም ውሸት አልነበረም።

ቤቷ ስትደርስ ገና አልመሸም። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው አድርገው፣ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ጎረቤቲቱ «ዛሬስ ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች፤ ፊቷ ግን ደህና የዋለ ሰው ፊት አልነበረም። እታለም ተንበርክካ ጫማውን ማስተካከል ጀመረች።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ እናቷ በትሕትና።

«የአንቺ ነኝ፣ እማዬ።»

«የኔማ ትንሽ ናት። አንቺ ደክሞሻል።»

ስልኩ ጠራ። ወንድሟ ነው። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም፤ በስልክ ደግሞ እንደሱ የሚሆን ልጅ የለም። በየቀኑ ደውሎ እማዬ በላች ወይ፣ መድኃኒቷን ወሰደች ወይ ይላል። እናታቸውን እሱ ቤት ወስዶ እታለምን ሊያሳርፋት ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ እያለ ነው፤ አንዴ ቤቱ ቀለም ይቀባል፣ አንዴ ሚስቱን ጀርባዋን ያማታል። እታለም ያን ቀን የምታዋየው ሰው ስላልነበራት ነገረችው። ስንጥቁን፣ ቅጹን፣ ራሷን መነቅነቋን፣ ሁሉንም።

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው የሚሰማው ይመስል፣ «ማን አየሽ?» አለ።

«ማንም።»

«ታዲያስ! እታለም፣ ጤና የለሽም እንዴ? ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። ዛፍ ነው እኮ! እንጨት! አንቺ ዝም በይ፣ ተይው፣ ይበርዳል።»

«ሴትዮዋ እንጨት አይደሉም።»

«እሳቸው ይድናሉ። አንቺን ግን ቢያባርሩሽ እማዬን ማን ያያል?»

እታለም የእናቷን ጫማ ማሰሪያ ይዛ ቆየች። ይኼን ጥያቄ ራሷን ስትጠይቅ ነው የሰነበተችው። ከወንድሟ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ሆኖ ተሰማት።

«አንተ ታያለህ» አለችው። «ቅዳሜ በሦስት ሰዓት መጥተህ እማዬን ጠብቅልኝ። ሆስፒታል እሄዳለሁ።»

«ቅዳሜ እንኳን አንድ…»

«ቅዳሜ አልኩህ።»

እንዲህ ባለ ድምፅ አናግራው አታውቅም፤ ደክሟት ስለነበር ማለስለስ አልሆነላትም። ቅዳሜ መጣ። ግማሽ ሰዓት አርፍዶ፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ ግን መጣ።

መምህርቷ የተኙት አራት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ጥግ ነው። እግራቸው በጀሶ ታሽጎ በገመድ ተንጠልጥሏል። እታለም ብርቱካን የያዘውን ፌስታል የት እንደምታስቀምጥ ግራ ገብቷት ስትዞር አወቋት።

«የደኑ ሴትዮ አይደለሽም? ራሴን የያዝሽው?»

«ነኝ፣ መምህር።»

«እጅሽን ጎድቼው ይሆናል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ይኼ ባሰ። እታለም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ መንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። «መምህር፣ ስንጥቁን አይቼው ነበር» አለች በአንድ ትንፋሽ። «ቅርንጫፉን። ከመውደቁ በፊት አይቼው ነበር። ልጽፈው ሲገባኝ ሳልጽፈው ቀረሁ።»

መምህርቷ መነጽራቸውን ከኮመዲኖው አንስተው አደረጉ፤ በደንብ ሊያዩዋት የፈለጉ ይመስላል።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ዓርብ።»

«እኔ የተመታሁት ማክሰኞ ነው። አራት ቀን።»

«አይ… የዚያን ዓርብ ሳይሆን፣ የፊተኛውን።»

«አሥራ አንድ ቀን» አሉ መምህርቷ። ቁጥሩን የተናገሩት በቀዝቃዛው፣ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉት ነው። «አሥራ አንድ ጠዋት ከሥሩ አልፌያለሁ ማለት ነው። አንቺም ታይኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ሰላም ትይኝ ነበር።»

እታለም ስለ እናቷ ልትነግራቸው አሰበች፤ ስለ ሠራተኛዋ፣ ስለ ሌሊቱ። ሁሉም እውነት ነው። አፏ ድረስ መጥቶ ግን እዚያው ቀረ። የእሳቸው እግር ተሰቅሎ እያየች የራሷን ድካም ማውራት አፈረች።

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ ከሆነ የመጣሽው ዛሬ የለኝም» አሉ መምህርቷ። «ነገም እንዳለኝ አላውቅም። ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው እጠራለሁ አሁን።»

«ይገባኛል።»

«አይገባሽም። ግን ይሁን።»

«ዛፎቹን ሊቆርጧቸው ነው» አለች እታለም። «ሃያ ሦስቱንም። ደህና ነበር ብዬ ስለጻፍኩ፣ ደህናውም ይወድቃል ብለው። እርስዎ ስለተጎዱ ነው የሚሉት።»

መምህርቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እኔን ብለው? ማን ጠየቀኝ? ይኼ እግር ሲድን የት ሊሄድ ነው ታዲያ? ኮሪደር ለኮሪደር?» አጠገባቸው ያለችው ታማሚ ዞር አለች። መምህርቷ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለአለቃሽ ነግረሽዋል?»

«ገና።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

እታለም ተነሳች። ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠች። ውሰጂውም፣ ተይውም አላሏትም።

ሰኞ ጠዋት፣ ቆራጮቹ ገና መጋዝ ሳያነሱ፣ ቢሮ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ኃላፊው ገና ኮቱን አላወለቀም። ነገረችው። እየሰማ ኮቱን ግማሹን አውልቆ ግማሹ ክንዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«እታለም! ያን ቀን ስጠይቅሽ?»

«ራሴን ነቀነቅኩ።»

«እኔ በፊርማዬ ላክሁት እኮ! ምንም ምልክት አልነበረውም ብዬ፣ ማኅተም መትቼ!» ኮቱን ወንበሩ ላይ ወረወረው። «ጉድ ሠራሽኝ። እውነት ጉድ ሠራሽኝ። አንቺን ነው እኮ እኔ…» አልጨረሰውም። መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። እሷም ቆማ ጠበቀች። ጉልበቷ ይጠዘጥዛት ነበር፤ ተቀመጪ ሳይላት መቀመጥ ግን አልፈለገችም።

በመጨረሻ መሳቢያውን ከፍቶ ነጭ ወረቀት አወጣ። «ጻፊው» አለ። «ያየሽውን፣ የቀኑን፣ ያልጻፍሽበትን ምክንያት። ምክንያቱን በደንብ ጻፊ። እናትሽንም ጻፊ።»

«እናቴን አልጽፍም።»

«ለራስሽ ብለሽ ነው የምልሽ!»

«ይሁን። ደክሞኝ ነበር ብዬ እጽፋለሁ። እሱ ይበቃል።»

ግማሽ ገጽ ጻፈች። በእጇ፣ ሁለት ቦታ ሰርዛ፣ ፈርማ ሰጠችው። ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ ቁጣው በርዶ ፊቱ ላይ ድካም ብቻ ቀርቶ ነበር። «ቆራጮቹን አስቁሚያቸው» አላት። «እኔ ወደ ላይ ልሂድ።»

ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት የቆራጮቹ መኪና በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰዎቹ ከሥሩ ካርታ ሲጫወቱ ዋሉ። ፎርማኑ እታለም ባለፈች ቁጥር «እናትዬ፣ እንቁረጥ ወይስ እንተኛ?» ይላታል። በመሀል ከሆስፒታል ደብዳቤ መጣ። መምህርቷ በራሳቸው እጅ፣ ነጥብ በነጥብ ቆጥረው የጻፉት ነው፤ የጠባቂዋን ጥፋት ሳያለሳልሱ አስቀምጠው፣ በስማቸው አንድም ጤነኛ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ ከተቆረጠ ግን ራሳቸው እንደሚከሱ አስታውቀዋል። ኃላፊው ሲያነበው «ተማሪያቸው ባለመሆኔ ተመስገን» አለ።

ከዚያ ሦስት ሰዎች መጥተው ዛፎቹን አንድ በአንድ መረመሯቸው። በመሣሪያ ለኩ፣ ወጡ፣ ወረዱ። ፎርማኑም ካልጠፋ ሥራ አብሯቸው ዞሮ ግንድ እየመታ አስተያየት ሰጠ። በመጨረሻው ውሳኔ አምስቱ ውስጣቸው ስለተበላ ይቆረጡ ተባለ። አሥራ ስምንቱ እንዲቆሙ ሆነ። ከዋርካው ላይ የደከሙት ሁለት ቅርንጫፎች ብቻ ይነሱና፣ የጎብኚዎቹ መንገድ ከአሮጌዎቹ ዛፎች ራቅ ብሎ እንዲያልፍ ተወሰነ።

ለእታለም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ከክትትል ሥራም ተነሳች። እስከ ጡረታዋ ችግኝ ጣቢያ እንድትሠራ ተመደበች። በእሷ ቦታ አንዲት ሌላ ጠባቂ መጣች፤ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ፈጣን፣ ማስታወሻ ደብተሯ ከእጇ የማይለይ። እታለም ሦስት ቀን አብራት ዞራ ሁሉንም አሳየቻት። አራተኛው ሲያለቅስ አትደንግጪ አለቻት። ጉጉቷን አሳየቻት። ዋርካው ጋ ሲደርሱ «እዚህ ጋ ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም፤ ሴትዮዋም ቀድማ ሰምታ ስለነበር አልጠየቀችም።

አምስቱ የተቆረጡት በሁለት ቀን ነው። እታለም አልቅሳ እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ አላለቀሰችምም። ከችግኝ ጣቢያው የመጋዙ ድምፅ ይሰማል፣ ይቆማል፣ ከዚያ መሬቱ ግም ይላል። ግም ባለ ቁጥር በፕላስቲክ ከረጢት አፈር የምትሞላበት እጇ ለአፍታ ይቆማል። ፎርማኑ ባዶውን ጥድ ሲያስተኛ በገመድ ጎትቶ በእሱም ሥር፣ እንደ ዋርካው ሥር፣ ከበቀሉት ለጋ ወይራዎች አሽሽቶታል፤ እንደዚያም ሆኖ ሦስት ተሰበሩ። ማታ ሲወጣ መጥቶ ነገራት። «ሦስት ነው የሄዱብሽ። ቆጥሬያለሁ» አለ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበረው።

በማግስቱ እታለም አሮጌ ጆንያ ይዛ ወደዚያ ወረደች። ለዓመታት ጥላ የለመዱ ለጋዎች ድንገት ፀሐይ ሲመታቸው ያቃጥላቸዋል። እንጨት ተክላ፣ ጆንያ ወጥራ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ጥላ ሠራች። ማንም አላዘዛትም። ግማሹ ቀን አለቀ። አጎንብሳ ስትውል ወገቧ ቀና አልል ብሎ፣ የተቆረጠው ጥድ ጉቶ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ከእነዚያ ውስጥ ሁለቱ ቅጠላቸው ነድዶ ደረቀ። ሌሎቹ ክረምቱ እስኪገባ እንደምንም ቆዩ፤ ሲዘንብ ግን፣ ያ ሁሉ ዓመት ጉልበት ያህል ብቻ የነበሩት፣ አንድ ስንዝር ተኩል በአንድ ጊዜ ጨመሩ።

መምህርቷ ደኑ የተመለሱት ከአምስት ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በከዘራ ነው። አዲሱ መንገድ በችግኝ ጣቢያው በር በኩል ያልፋል። እታለም የውሃ ጎማውን ይዛ ቆማ ሲመጡ አየቻቸው። ሰላም ልበል፣ አልበል ብላ አመነታች። እሳቸው ፊት ለፊቷ ሲደርሱ ቆሙ። የቆሙት ለእሷ ይሁን ለማረፍ አይታወቅም።

«ይኼ መንገድ ዳገት አለው» አሉ።

«አለው፣ መምህር። አዝናለሁ።»

«አሁንም ይቆረጥመኛል። ብርድ ሲሆን።» ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አስተካከሉ። «እናት አለችሽ አሉ።»

እታለም ደነገጠች። «ማን ነገረዎት?»

«አለቃሽ። ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«የእርስዎን እግር አያድነውም ብዬ።»

መምህርቷ ይኼን ትንሽ አሰቡበት። «አያድነውም» አሉ። ከዚያ ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡት፤ ሁለት ጊዜ ቆመው፣ ዞር ሳይሉ። እታለም ጎማውን ይዛ ውሃው እግሯን እስኪያረጥባት ድረስ አየቻቸው። ይቅር አሏት ወይስ አላሏትም፣ አላወቀችም። ከዚያም በኋላ በተገናኙ ቁጥር ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉላታል፣ አንዳንዴ ስለ አየሩ ያወራሉ፤ ከዚያ አላለፈም።

ያን ቀን ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ላይ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይዟት ሄደ፤ ቦርሳዋን አቅፋ፣ አፏን ከፍታ፣ ሕፃን ሆና። ስትነቃ መውረጃዋ ካለፈ አራት ፌርማታ ሆኗል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቷ በር ይታገላሉ ብላ ትሮጥ ነበር። አሁን ግን ቅዳሜና እሁድ ወንድሟ ነው ያለው፤ ማጉረምረሙን ሳይተው ማደር ጀምሯል። ወረደችና፣ እግሮቿን እየጎተተች፣ በመጣችበት መንገድ በቀስታ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች።